ድባቴ፣ 2 ሚሊ አምፔርና እርጥብ ስፖንጅ

ክቡራትና ክቡራን፤

በእጄ የያዝኩት ስፖንጅ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ነው። ለድባቴ በራስ ቅል ላይ ደካማ ቀጥተኛ ከረንት የሚያሳልፈው ሕክምና ሲበላሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ውስጥ ከተጀመረውና ዛሬ በማደንዘዣ ከሚሰጠው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና የተለየ ነው። እዚህ ታካሚው ነቅቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የሚያልፈውም ከረንት 2 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። የነርቭ ሴልን በግድ አይቀሰቅስም፤ ለሚደርሰው መልእክት ቶሎ ምላሽ እንዲሰጥ ያዘጋጀዋል እንጂ።

ቦታው በግምት አይያዝም፤ ጭንቅላቱ በሜትር ይለካል። አወንታዊው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም በስፖንጁ በኩል ከረንቱን ወደ ቆዳ የሚያደርሰው ሰሌዳ፣ ከግንባር በላይ በግራ፣ አሉታዊው በቀኝ ይቀመጣል። ገመዱ ከተለዋወጠ ሕክምናው ይገለበጣልና ሁለት ጊዜ ይታይ።

ወደ ስፖንጁ እንመለስ። የሚርሰው በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ 6 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ውሃው በዝቶ ፀጉር ላይ ከፈሰሰና ሁለቱን ስፖንጆች ካገናኘ፣ ከረንቱ በቆዳ ላይ አቋርጦ ያልፋል፤ አንጎል ጋ የሚደርሰው ያንሳል። ከደረቀ ደግሞ የባሰ ነው፤ መሣሪያው ከረንቱን እንዳይቀንስ ቮልቱን ይጨምራል፣ ያ ሁሉ በቀረችው እርጥብ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ቆዳ ያቃጥላል። በቧንቧ ውሃ የረሰ ስፖንጅ ቆዳ ያቆሰለበት ጊዜም አለ። መውረርና ማሳከክ የተለመደ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የሚለበልብ ሕመም ግን ማቆሚያ ምልክት ነው። ሲቆምም ገመዱን መንቀል አይገባም። ከረንቱ በ30 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ድንገት ሲቋረጥ ዓይን ላይ ብልጭታ፣ አንዳንዴም ማዞር ያመጣል። በ9 ቮልት ባትሪና በሽቦ ቤት ውስጥ ተገጣጥሞ የሚሠራውን አጥብቀን የምንቃወመው ለዚህ ነው፤ ከረንቱን የሚቆጣጠር ነገር የለውም።

ይሠራል ወይ? መልሱ የተደባለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 245 ሰዎች የተሳተፉበት የብራዚል ጥናት ከማስመሰያው (እውነተኛ ሕክምና መስሎ ለንጽጽር ከሚሰጠው) የተሻለ ሆኖ አገኘው፤ ኤሲታሎፕራም የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ያህል መሆኑን ግን ማሳየት አልቻለም። በ2023 የታተመው የጀርመን ጥናት በመድኃኒት ላይ ተጨምሮ ከማስመሰያው እንዳልበለጠ አሳየ። በ2024 ደግሞ ብሪታኒያና አሜሪካ ውስጥ 174 ሰዎች ቤታቸው ሆነው፣ በቪዲዮ ክትትል ለ10 ሳምንት ተጠቀሙበት፤ እውነተኛው መሣሪያ በለጠ። በዚህኛው መርሐ ግብሩ ለ3 ሳምንት በሳምንት 5 ጊዜ፣ ከዚያ ለ7 ሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ ነበር። ስለዚህ መድኃኒታችሁን አቋርጣችሁ ወደዚህ አትምጡ።

ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ኤሌክትሮዱ በሚያርፍበት ቆዳ ላይ ቁስል ያለው ሰው ሐኪም ሳይመረምረው አይጀምር። እንቅልፍ ሳያምረው ሌሊቱን የሚያነጋ፣ ወሬው የማያባራ ታካሚ ካያችሁ መሣሪያውን አቁሙና ሐኪሙን ጥሩ፤ ማኒያ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ የስሜት መነሣሣት፣ ሊሆን ይችላል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያደረበት ሰው ደግሞ ለ10 ሳምንት ስፖንጅ አይጠብቅም፤ የዚያኑ ዕለት፣ ብቻውን ሳይተው፣ ሐኪም ቤት ይወሰድ።