የንግሥቲቱ የሜዳ አህያ

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሥዕል ተማሪዎች፤

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ጆርጅ ስተብስ ይባላል፤ በ1724 ሊቨርፑል ውስጥ ከቆዳ አልፊ አባት የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በ1762 አንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኬፕ፣ ለወጣቷ ንግሥት ሻርሎት ስጦታ ይዞ ተነሣ፤ ሁለት የሜዳ አህዮች። ወንዱ መንገድ ላይ ሞተ። ሴቷ ለንደን ገባች፤ ዛሬ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ባለበት አካባቢም መኖሪያ ተሰጣት። አገሩ ሁሉ ሊያያት ጎረፈ። ቀልድ ተቀለደባት፣ ዘፈንም ወጣላት።

ስተብስም ሄዶ አያት፤ በ1763 ደግሞ ሥዕሏን ለሕዝብ አቀረበ። እስቲ ከኋላዬ ያለውን ምስል ተመልከቱ። ጠባቂ የለም፣ ገመድ የለም፣ አጥር የለም። እሷ ብቻ በጎኗ ቆማለች። ጉሮሮዋ ሥር የተንጠለጠለችውን ትንሽ ቆዳ አያችኋት? ነጩን ሆዷንስ? ከጅራቷ በላይ ደግሞ መስመሮቹ ጠበብ ብለው እንደ መሰላል ይደረደራሉ። የዛሬ የእንስሳት ባለሙያ እነዚህን አይቶ የኬፕ ተራራ ዝርያ መሆኗን ይለያል። ፈረስ ሥሎ መስመር የጨመረበት ሰው ይህን አያገኝም።

ይህ ዓይን ከየት መጣ? ስተብስ ከዚያ በፊት ሆርክስቶ በምትባል የገጠር መንደር ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል የሞቱ ፈረሶችን በብረት ሜንጦ እያንጠለጠለ ቆዳቸውን ገፏል፤ ጡንቻቸውን ንብርብር በንብርብር እየገለጠ እስከ አጥንቱ ሥሏል። ሽታውን እናንተው ገምቱት። የሥራው ውጤት የሆነው የፈረስ አካል መጽሐፍ በ1766 ታተመ።

የአፍሪካ እንስሳ በእንግሊዝ ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች የሚል ይኖራል። እኔ ግን ጫካው ላይ ቅር አይለኝም። ሰውዬው አፍሪካን አላየም፤ ያላየውን በረሃ ፈጥሮ ከኋላዋ ቢደረድር ኖሮ ያኔ ነበር የምቀየመው። ብቸኝነቷም የሚሰማኝ ከዚያው አረንጓዴ ቅጠል የተነሣ ነው፤ ፊቷ ላይ ምንም ኀዘን አልሣለባትም።

ይኸው ሰው በ1772 ካንጋሮ ሣለ። ከአውስትራሊያ የመጣለት ግን ቆዳ ነበር፤ እሱን ነፍቶ ሣለው። ታሪካዊ ዋጋው ትልቅ ነው፤ እንስሳው ግን አይተነፍስም።

የሜዳ አህያን ቀርቦ አይቶ በመሣል ስተብስ የመጀመሪያው አይደለም። በ1621 ሕንድ ውስጥ የንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ሠዓሊ መንሱር አንድ ሥሏል፤ እንስሳው የሄደው ደግሞ ከሐበሻ ምድር ነው። አንዳንድ ሰዎች መስመሮቹ ቀለም የተቀቡ መስለዋቸው እስኪጣራ ድረስ ተጠራጥረው ነበር። ኋላም በ1882 ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩ፤ ዝርያው እስከ ዛሬ በሳይንስ የሚጠራው በፕሬዚዳንቱ ስም ነው።

ያ ዝርያ ከስተብሷ ይለያል። መስመሩ ቀጭንና የተጠጋጋ፣ ጆሮው ሰፊና ክብ ነው። አፋር ውስጥ አላይደጌ ሜዳ ላይ አሁንም አለ። ስትሄዱ እርሳስና ወረቀት ያዙ፤ ፎቶ የምታነሡ ከሆነም መጀመሪያ ሥላችሁ ጨርሱ። ከዳሌው ጀምሩ፤ መስመሮቹ አቅጣጫ የሚቀይሩት እዚያ ነውና የሚያስቸግራችሁም እሱ ነው።

አመሰግናለሁ።