ካሜራው ካሴቱን ሲነክስ

ሜሮን፦ ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ካሴት ነክሶ አልለቅም ስላለ የድሮ ቪዲዮ ካሜራ ነው የምናወራው። ቢኒ ሰሞኑን አንዱን ፈታቶ ነበር።

ቢኒያም፦ የአክስቴ ነው። ሶኒ ሃንዲካም፣ በሚኒ ዲቪ ካሴት የሚሠራው። ግን መጀመሪያ ውስጡ ስለነበረው ካሴት ልንገርሽ።

ሜሮን፦ የሰርግ ነዋ!

ቢኒያም፦ የአክስቴ መልስ ነው። አያቴ ቆመው ሲመርቁ አለበት። ካረፉ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው ሌላ ቦታ የለም። ቀራጩ «አባባ፣ ወደ ካሜራው!» ይላቸዋል። እሳቸው ዞር እንኳን ሳይሉ «እኔ የምመርቀው ሙሽሮቹን ነው» ብለው ይቀጥላሉ። እኛ ቤት እስከ ዛሬ ፎቶ ስንነሳ «አባባ፣ ወደ ካሜራው!» ነው የምንባባለው።

ሜሮን፦ ሲያምሩ! መብራቱንስ ታስታውሳለህ? አንዱ ካሜራ ይዞ፣ ሌላው ከኋላው ያንን ነጭ መብራት ተሸክሞ ሲመጣ ድንኳኑ በሙሉ ማላመጥ ያቆማል።

ቢኒያም፦ ጉርሻው አየር ላይ ይቀራል!

ሜሮን፦ ከዚያ ካሴቱ የደረሰ ቀን ሰፈሩ ይሰበሰባል። ሁሉም የሚፈልገው ራሱን ነው። «መልሰው፣ መልሰው፣ እዚያ ጋ እኔ አለሁ!»

ቢኒያም፦ ያ መመላለስ ነው ክሩን የሚጨርሰው። ሰርግ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ። መስከረም 2000 ዓ.ም. ሚሊኒየሙ ሲገባ ስንት ቤት በዚህ ካሴት ቀርጿል። አሁን ሁሉም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

ሜሮን፦ እሺ፣ ወደ ካሜራው!

ቢኒያም፦ አባባ! እሺ። ወደ ኮምፒውተር ልገለብጠው አስገባሁት። ትንሽ ዞረና ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ሲ 31 የሚል ኮድ መጣ። ሶኒ ላይ በ31 የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ክሩን የሚስበው ክፍል ተያዘ ማለት ነው። ፒያሳ ድሮ የማውቃቸው ሱቆች ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ቦታቸው ላይ የሉም። ጠያይቄ አንድ ሠሪ አገኘሁ። ካቻቢቴውን በበሩ ከትቶ ካሴቱን ፈንቅሎ ሊያወጣው ሲል ተቀበልኩት።

ሜሮን፦ ቢፈነቅለውስ?

ቢኒያም፦ ያኔ ክሩ ካሴቱ ውስጥ አይደለማ! ካሴቱ ሲገባ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ክሩን መንጭቀው ያወጡትና ከበሮ በሚባለው ክብ ብረት ላይ ይጠመጥሙታል። ከበሮው ላይ ክሩን የሚያነቡት ሄዶች አሉ፤ በደቂቃ 9000 ጊዜ ይዞራል። ክሩ ደግሞ ስፋቱ 6.35 ሚሊሜትር ነው። እንደ ሐር ስስ ነው። ካሴቱን በጉልበት ስታወጪ ክሩ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ ይበጠሳል።

ሜሮን፦ እኔ ብሆን በመቀስ ቆርጬ አወጣዋለሁ። ካሜራ ይተካል፣ አያት አይተኩም።

ቢኒያም፦ ክሩ በሰከንድ 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 20 ሳንቲሜትር ብታጪ ከ10 ሰከንድ በላይ ሄደ ማለት ነው። አስር ሰከንድ ደግሞ አንድ ምርቃት ነው።

ሜሮን፦ የቀረው ግን ይተርፋል።

ቢኒያም፦ ይተርፋል። በምን ታዪዋለሽ? ማጫወቻው ራሱ ካሜራው ነው። የተቆረጠውን ቀጥለሽ ብታስገቢው ደግሞ መጋጠሚያው ሄዱን ይጎዳዋል።

ሜሮን፦ ሌላ ካሜራ መርካቶ ፈልጌ አገኛለሁ።

ቢኒያም፦ እሱንም የሚሠራ ካገኘሽ ነው። ለማንኛውም መጀመሪያ ባትሪውን አውጪ፣ ገመዱንም ንቀይ፤ ትንሽ ይረፍ። ከዚያ በቀጥታ ከመብራት ጋር አገናኚው፤ የደከመ ባትሪ መንገድ ላይ ያቆመዋል። የውጪውን በር እስከ መጨረሻው ክፈቺና ኢጀክት በይው። በሩ በግማሽ ከተከፈተ ብዙዎቹ ካሴቱን አያነሱም።

ሜሮን፦ ብርድ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ።

ቢኒያም፦ ጤዛ ነው። ክረምት ላይ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገቢው ከበሮው ላይ እርጥበት ይይዝና ክሩ ይጣበቃል። ሶኒ ላይ ሲ 21 ይላል። ካሴቱ ከወጣ በሩን ከፍተሽ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተዪው። በፀጉር ማድረቂያ እንዳትነኪው!

ሜሮን፦ ያንተስ ምን ሆኖ ነው?

ቢኒያም፦ ግራሶው ደርቆ። ሞተሩ ይገፋል፣ ዘንጎቹ ቦታቸው አይደርሱም፣ ሴንሰሩ ያጠፋዋል። መሸፈኛውን ፈትቼ የሞተሩን ጥርስ በስቲኪኒ ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ አዞርኩት። ዘንጎቹ ወደ ካሴቱ ሲመለሱ ክሩ ይላላል። የላላውን ሳትጠቀልዪ ካወጣሽው በሩ ይነክሰዋል። እዚህ ጋ ነው ትዕግስት የሚያስፈልገው።

ሜሮን፦ ወጣ?

ቢኒያም፦ ወጣ! ትንሽ ተጨማድዷል እንጂ አልተቆረጠም።

ሜሮን፦ እሰይ!

ቢኒያም፦ አሮጌውን ግራሶ ጠርጌ በጣም ትንሽ አዲስ ቀባሁ። ለከበሮው ከፋርማሲ የሚገዛው 70 ፐርሰንት አልኮል ውሃው ይበዛል፤ 99 የሆነው አይሶፕሮፒል ይሻላል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ሄዱ ላይ ይያዛል። ክር የማይለቅ ጨርቅ አርጥበሽ ከበሮው ላይ ዝም ብለሽ ትይዢዋለሽ፣ በሌላው እጅሽ ከበሮውን ከላይ ይዘሽ ታዞሪዋለሽ። ወደ ላይና ወደ ታች ካሸሽው ሄዱ ይሰበራል።

ሜሮን፦ አሁን ገለበጥከው?

ቢኒያም፦ ገና ነው። መጀመሪያ በባዶ ካሴት ደጋግሜ ሞክሬው ነው የአክስቴን የማስገባው። ካሜራውን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው በፋየርዋየር ገመድ ሲገለበጥ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።

ሜሮን፦ እኔ ግን አሁንም መቀሱን አልተውኩም።

ቢኒያም፦ መቀሱን ደብቂልኝ፤ ይልቅ ባዶ ሚኒ ዲቪ ቤቱ ያለው አድማጭ ካለ ይጻፍልን።