ከአደጋው በኋላ የሆነው

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። የዛሬው ክፍል ድኅረ አደጋ ሰቀቀንን፣ በሐኪሞች አጠራር ፒቲኤስዲን፣ ማለትም አሰቃቂ ነገር ያየን ወይም የደረሰበትን ሰው የሚይዘውን የአእምሮ ሕመም ይመለከታል። መንስኤው ሲጠየቅ ብዙዎቻችን «ያየው ነገር ነው» ብለን ጉዳዩን እንዘጋዋለን፤ እኔ ግን ከአደጋው በኋላ በሰውየው ላይ የደረሰውም የመንስኤው አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከዓለም ሕዝብ 70 ከመቶ ያህሉ በሕይወት ዘመኑ አሰቃቂ ሊባል የሚችል ነገር ይገጥመዋል፤ በሕመሙ የሚያዙት ግን ከእነዚህ መካከል 5.6 ከመቶው ብቻ ናቸው። ጦርነትና የወሲብ ጥቃት ይህን ቁጥር በእጅጉ ከፍ ያደርጉታል።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በደርግ ዘመን ኤርትራ ውስጥ የዘመቱ ወታደር ነበሩ። አውቶቡስ ተራ ቆመን ሳለ የናፍጣ ጭስ ሲሸታቸው ፊታቸው በላብ ይጠመቃል፤ በእጃቸው የያዙትን ትኬት ሳያውቁት ይጨመድዱታል። በዚያች ቅጽበት ስለ ጦርነቱ ማሰባቸውን እንኳ ልብ አይሉም። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው በእሳት በተያያዘ መኪና ውስጥ ስለቀሩት ጓዶቻቸው የነገሩኝ። አደጋን ፈጥኖ የሚለየው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ከልክ በላይ ነቅቶ ሲቀር፣ ትዝታን ከቦታና ከጊዜ ጋር የሚያስተሳስረው ሂፖካምፐስ ደግሞ ሥራው ሲስተጓጎል፣ ሰውነት ያለፈውን እንዳለፈ መቁጠር ይሳነዋል።

ነገር ግን የአጎቴ ሕመም በጦር ሜዳው ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች የተሸነፈ መንግሥት ወታደር ተብለው ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ብዙዎቹም ሥራ አጡ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። ከአደጋ በኋላ ደጋፊና አድማጭ ማጣት ለሕመሙ ከሚያጋልጡ ነገሮች ዋነኛው ከሚባሉት አንዱ ነው። ሕመሙ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ስም ያገኘው እንኳ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችና ሐኪሞቻቸው አጥብቀው ስለጠየቁ ነው። የእኛዎቹ ግን ጠያቂም ጠበቃም አልነበራቸውም፤ ይህ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

እናቴ ወንድሟን ስለምትወድ «ተወው፣ እርሳው» ትላቸው ነበር። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም፣ ትዝታን መሸሽ ራሱ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ሽሽቱ በረዘመ ቁጥርም ሕመሙ ሥር ይሰድዳል። ይህ ማለት ግን ቡና ተፈልቶ በተቀመጥንበት ሰውየውን «በል ንገረን» ብለን እናስጨንቀው ማለት አይደለም። ትዝታውን ቀስ በቀስ፣ በሠለጠነ ባለሙያ እየታገዙ መጋፈጥ የሚያስችሉና ውጤታቸው የተረጋገጠ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። ቅዠቱ፣ ድንጋጤውና ሽሽቱ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው እንቅልፍን ወይም ሥራን የሚያውኩ ከሆነ፣ በአቅራቢያችሁ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ፤ ብቻውን አትላኩት።