ለብሔራዊ ቡድን ያልተጠራው መቺ

ክቡራን እንግዶች፣ የስፖርት ጋዜጠኞች፣ አሰልጣኞችና ተጫዋቾች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ አገር ውስጥ ውድድር ተናገር ስትሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የእግር ኳስ ሰው አይደለም። በሕንድ የሙምባይ ከተማ ክሪኬተኛ አሞል ሙዙምዳር ነው። ክሪኬት የማታውቁ አትጨነቁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በእንጨት ይመታል፣ መቺው ተሸንፎ እስኪወጣ ነጥብ ይሰበስባል፣ ሲወጣ ባለተራው ይገባል። አሞል መቺ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እጠራለሁ።

1988 ላይ ነው። ሙምባይ፣ አዛድ ማይዳን ሜዳ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር። የ13 ዓመቱ አሞል የእግር መከላከያውን አስሮ ተራውን ይጠብቃል። ሜዳ ውስጥ ያሉት ሁለት ልጆች ግን አልወጣ አሉ። አንዱ ሳቺን ቴንዱልካር፣ ሌላው ቪኖድ ካምብሊ። ሁለቱ ብቻቸውን 664 ነጥብ ሰበሰቡ። አሞል ያን ቀን እንደታሰረ ዋለ፣ በማግስቱም እንደዚያው። ተራው ሳይደርሰው ቀረ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔ ግን ዋናው ታሪክ ከዚያ በኋላ ያለው ይመስለኛል። አሞል በ19 ዓመቱ ለቦምቤይ፣ ማለትም በድሮ ስሟ ለሙምባይ፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ የሀሪያና ቡድን ላይ 260 ነጥብ አስቆጠረ። አንደኛ ደረጃ በሚባለው፣ ብዙ ቀን በሚፈጀው ትልቁ ክሪኬት፣ በመጀመሪያ ጨዋታው ይህን ያህል ያስቆጠረ በዓለም ላይ አልነበረም። ክብረ ወሰኑ እስከ 2018 ቆየ።

ብሔራዊ ቡድኑ ግን አልጠራውም። በእሱ ቦታ ማን እንደነበረ እዩት፦ ቴንዱልካር፣ ድራቪድ፣ ጋንጉሊ፣ ላክስማን፣ ሁሉም የሕንድ ታላላቅ መቺዎች። በር ዘግተውበት ቆዩ። እሱ ደግሞ መጫወቱን አልተወም። የአገር ውስጡን ትልቅ ውድድር፣ ራንጂ ትሮፊን፣ በ2006/07 የሙምባይ አምበል ሆኖ አሸነፈ። በኋላ ለአሳም፣ ከዚያም ለአንድራ ግዛት ቡድን ተጫወተ። በ2014 ሲያቆም 171 ጨዋታ፣ 11,167 ነጥብ፣ 30 ጊዜ በአንድ ተራ መቶና ከዚያ በላይ።

እነዚህን ቁጥሮች እንዴት አወቅናቸው? የአንደኛ ደረጃ ክሪኬት ጨዋታ ብዙ ቀን ይፈጃል። መዝጋቢዎች ወረቀት ዘርግተው ይቀመጣሉ። ማን ወረወረ፣ ማን መታ፣ ስንት ተገኘ፣ ኳስ በኳስ ይጻፋል። ነጥብ ላልተገኘበት ኳስ እንኳ አንዲት የጠብታ ምልክት ይደረጋል። የተመልካቹ ወንበር ባዶ ሆኖ ቢውልም ይጻፋል። እኔን ከምንም በላይ የሚያስቀናኝ ይህ ነው።

አሞል በ2023 የሕንድ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ2025 የዓለም ዋንጫ ልጆቹ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈው ነበር። ከዚያ ተነሱ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2 ቀን ናቪ ሙምባይ ላይ ደቡብ አፍሪካን አሸንፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ወሰዱ። አምበሏ ሃርማንፕሪት ካውር ዝቅ ብላ እግሩን ነካች። በሕንድ ለመምህርና ለታላቅ የሚሰጥ ክብር ነው። የተጫዋችነት ዘመኑ መዝገብ ባይኖር፣ ይህ አሰልጣኝ ምን ዓይነት መቺ እንደነበረ ዛሬ በወሬ ብቻ ነበር የምንሰማው።

እናንተ ጋዜጠኞች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየክለቡ አሥር ዓመት የተጫወቱ፣ ለብሔራዊ ቡድን ያልተጠሩ ልጆች አሉን። ስንት ጨዋታ እንዳደረጉ፣ ስንት ጎል እንዳገቡ ጠይቁልን። ክለቡ ከሌለው ከራሳቸው፣ ከአሰልጣኛቸው፣ ከድሮ ጋዜጣ ፈልጉ። በሕይወት እያሉ፣ በስማቸው ጻፉት።

አመሰግናለሁ።