አዲስ ጂግ በባህል ሙዚቀኞች መካከል እንዴት ይጠናል?

የተከበራችሁ የባህል ሙዚቃ ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣

የአየርላንድ የባህል ሙዚቃ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ደራሲያቸው የተረሳ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሱ ዜማዎችን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው በቅርብ ዘመን፣ ስማቸው በታወቀ ሰዎች ስለተደረሱ ጂጎች ነው፤ ይልቁንም እንዲህ ያለው አዲስ ዜማ በነባሮቹ ተጫዋቾች ዘንድ እንዴት እንደሚጠናና እንደሚያከራክር ነው።

ጂግ የጭፈራ ዜማ ነው። በብዛት የሚጫወቱት ዓይነት በ6/8፣ ማለትም በእያንዳንዱ ሜዠር (የምት ክፍል) ስድስት ስምንተኛ ኖታ ይዞ የሚሄድ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 8 ሜዠር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚደገሙ አንዱ ዙር 32 ሜዠር ይሞላል። ችክችካን ለለመደው ለእኛ ጆሮ ምቱ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም፤ የሚጠብቅበትና የሚላላበት ቦታ ግን የራሱ ነው።

ኖታ ይህን ያህሉን ያስረዳል። በኮርክ አውራጃ ተወልዶ የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ፍራንሲስ ኦኒል በ1903 እ.ኤ.አ. 1,850 ዜማዎችን አሳትሟል፤ ውለታውም ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ተጫዋቾቹ ሮል የሚሉትን ማስዋቢያ ተመልከቱ፦ አንዱን ድምፅ በሦስት ስምንተኛ ኖታ ርዝመት ይዞ፣ በመካከሉ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ጣትን ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። ይህን በወረቀት መጻፍ ይቻላል፤ ምን ያህል ፈጥኖ፣ የትኛው ዙር ላይ፣ በምን ያህል ልስላሴ እንደሚነካ የሚታወቀው ግን ተጫዋቹ አጠገብ ተቀምጦ በመስማት ብቻ ነው። በክሌር አውራጃ፣ በሚልታውን ማልቤይ ከተማ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው ትምህርት ቤት መምህሩ ሐረግ በሐረግ እየተጫወተ ተማሪዎቹ በጆሮ የሚቀበሉት ስለዚህ ነው።

በአየርላንድ የምሥራቅ ጎልዌዩን የፊድል (የቫዮሊን) ተጫዋች ፓዲ ፋሂን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ይህ ሰው ለደረሳቸው ዜማዎች ስም አላወጣላቸውም፤ ለገበያ የሚሆን የራሱን ሸክላም አላሳተመም። ዜማዎቹ ከተጫዋች ወደ ተጫዋች ተሻግረው ዛሬ ሁሉም በእሱ ስም ይጠራሉ፤ የትኛውን ጂግ ማለታችሁ እንደሆነ ለማስረዳት መነሻውን ተጫውቶ ማሳየት ይቀላል። ከዚህም በላይ በዜማዎቹ ውስጥ አንዱ ድምፅ በአንድ ሐረግ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ) ሆኖ በሌላው ተፈጥሯዊ (ከፍ ያላለ) ሊሆን ስለሚችል፣ ሰምቶ የያዘው ሁሉ እኩል አይዘውም። ሴሽን በሚባለው የተጫዋቾች ስብስብ ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ «ደራሲው እንዲህ ነበር የሚጫወተው» ይላል፤ ሌላው በእኛ አካባቢ የለመድነው ሌላ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ሦስተኛው ደግሞ አፉን ሳይከፍት ሐረጉን ደጋግሞ ይጫወተዋል።

ይህ ክርክር የጥናቱ አካል እንጂ እንቅፋት ነው ብዬ አላምንም። ሆኖም አንድ ግዴታ ያለ ይመስለኛል፦ ደራሲው የታወቀ ከሆነ፣ አጨዋወቱም በቅጂ ወይም ከእሱ በተማሩ ሰዎች እጅ ከተገኘ፣ መጀመሪያ የእሱን መያዝ፣ ስሙንም ከዜማው ጋር ማስተላለፍ ያስፈልጋል። መለወጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስሙን ጥለን ዜማውን ብቻ «የሕዝብ ነው» ብለን የምንወስድ ከሆነ ሕያው ሰው እንበድላለን፤ በእኛም አገር ለማሲንቆና ለክራር አዲስ ዜማ የሚደርሱ ሰዎች ይህ በደል ሊደርስባቸው አይገባም።

ከዕረፍት በኋላ ከፋሂ ጂጎች አንዱን በቫዮሊንና በዋሽንት እንሰማለን። ኖታውን ሆን ብለን አላደልንም። የመጀመሪያው ክፍል ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ መሣሪያ የያዛችሁ ሁሉ የሰማችሁትን ትጫወታላችሁ፤ በማትስማሙበት ድምፅ ላይም እዚሁ እንወያያለን።

አመሰግናለሁ።