ከሦስተኛ ወደ አንደኛ

እንደምን አመሻችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ ልጆች።

የቤዝቦል ቡድኑ ማጠቃለያ እራት ላይ ንግግር አድርግ ስባል ሁለት ቃል ገብቻለሁ። በአማርኛ ልናገር፣ ዶሮው ሳይቀዘቅዝ ደግሞ ልጨርስ። በአማርኛ መሆኑ ልጆቹን አይጎዳቸውም። ሁሉንም ይሰማሉ፤ መልስ መስጠቱ ላይ ነው ምላሳቸው የሚታሰረው። ስለ ዶሮው ግን ዋስትና የለኝም።

ነገሩ የጀመረው በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ ነው። ልጄ ከልምምድ መጥቶ መኪና ውስጥ ገባና በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። "ምነው?" አልኩት። "ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ቀየሩኝ" አለኝ።

እኔ ደሴ ተወልጄ "ስንተኛ ወጣህ?" እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ማለት ለኔ ሰርተፊኬት ነው፣ እልልታ ነው፣ አዲስ ጫማ ነው። "ጎበዝ! የኔ አንበሳ!" ብዬ ጭንቅላቱን ዳበስኩት። ልጁ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ከሦስተኛ ቤዝ አንስተው አንደኛ ቤዝ ላይ አቁመውታል። ቤዝ ማለት ሜዳው ላይ ሯጮቹ የሚረግጡት ማረፊያ ነው። ለሱ ይሄ ሹመት ሳይሆን ሽረት ነው። "አንደኛ ቤዝ እኮ መወርወር ለማይችል ልጅ ነው። ዝም ብሎ ኳስ መቀበል ምን ሥራ ነው?" አለኝ። ቤት እስክንደርስ አላናገረኝም።

ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ጨዋታውን ለማታውቁት እናቶችና አባቶች ባጭሩ ላስረዳ፤ አውቃችሁ ዝም ያላችሁም አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ። ሦስተኛ ቤዝ ላይ የሚቆመው ልጅ በዱላ ተመትታ እንደ ጥይት የምትመጣውን ኳስ ያነሳና ሜዳውን አቋርጦ አንደኛ ቤዝ ላይ ላለው ይወረውራል። በትልልቆቹ ሜዳ ርቀቱ 39 ሜትር ገደማ ነው። ኳሷ ከሯጩ ቀድማ መድረስ አለባት። ክንድ ይጠይቃል፣ ያስጨበጭባል። አንደኛ ቤዝ ላይ ያለው ደግሞ አንድ እግሩን ቤዙ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ወርዋሪው ይጨበጨብለታል። ተቀባዩን ማንም አያየውም፣ ካልያዘ በስተቀር።

ያን ዕለት ማታ ስለ ዋሽንግተኑ የቤዝቦል ተጫዋች ስለ ራያን ዚመርማን ነገርኩት። ዛሬም የማወራላችሁ ስለሱ ነው።

ቤዝቦል የተማርኩት ከታክሲዬ ሬዲዮ ነው። ዋሽንግተን ከ1971 ጀምሮ የራሷ ቡድን አልነበራትም። በ2005 የሞንትሪያል ቡድን ተነቅሎ መጣና ናሽናልስ ተባለ። እኔም ያኔ ለከተማው አዲስ ነበርኩ፣ ቡድኑም አዲስ ነበር። ተሳፋሪ ሲገባ ስለ ጨዋታው ይጠይቀኛል። አላውቅም ማለት ጉርሻ ያሳንሳል። ስለዚህ ሬዲዮ ከፍቼ ማጥናት ጀመርኩ።

በዚያው በ2005 ጁን ላይ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮሌጅ ተጫዋች መረጠ። የመረጠው ዚመርማንን ነው። ከአገር ሁሉ አራተኛ ተመራጭ ነበር። ልጁ ያደገው ቨርጂንያ ቢች፣ የተማረው ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኛው ሰፈር ልጅ በሉት፤ በመኪና የሚደረስበት አገር። ሴፕቴምበር 1 ዋናው ቡድን ውስጥ ተሰልፏል። ሃያ አንድ ዓመት ገና አልሞላውም።

ቦታው ሦስተኛ ቤዝ ነበር። እንዴት ያለ ሦስተኛ ቤዝ! በመስመሩ ላይ እየተንከባለለች የምትመጣዋን ኳስ እየሮጠ በባዶ እጁ ያነሳትና፣ ሳይቆም፣ ሰውነቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ፣ ወደ አንደኛ ቤዝ ይወረውራታል። የሬዲዮው ሰውዬ ድምፁ ሲሰበር እኔም መሪውን እመታ ነበር። በ2009 በቦታው ምርጥ ተከላካይ ለሚባለው የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ወሰደ።

ዱላውም ቀላል አልነበረም። በ2006 በአባቶች ቀን፣ ጁን 18፣ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር እየተጫወቱ መጨረሻው ዙር ላይ 2 ለ 1 ተመርተዋል። ኳሷን ከአጥር ውጭ አወጣት። አንድ ሰው ቤዝ ላይ ስለነበር ሁለት ነጥብ ሆነ፤ 3 ለ 2 አለቀ። ማርች 30፣ 2008 ደግሞ ከአናኮስቲያ ወንዝ ዳር የተሠራው አዲሱ ስታዲየም ተከፈተ። ከአትላንታ ጋር እኩል ለእኩል ነበሩ። በመጨረሻው ዙር ያው ልጅ ያንኑ አደረገ። እንዲህ ጨዋታውን ጨርሶ ሰው ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሆም ራን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ማሻገር፣ በዘመኑ 11 ጊዜ መትቷል። ለታክሲ ነጂ ችግሩ ይሄ ነው፤ ተሳፋሪው ሁሉ በአንዴ ይወጣል።

ቡድኑ ግን አይረባም ነበር። በ2008 102 ጨዋታ ተሸነፉ። በ2009 ይብሱን 103። እሱ የትም አልሄደም።

አሁን ወደ ትከሻው ልምጣ።

በ2012 ቀኝ ትከሻው ያመው ጀመር። ወቅቱ ሲያልቅ በቀዶ ጥገና ተስተካከለ ተባለ። በ2013 ሲመለስ ግን ውርወራው ሌላ ሰው ውርወራ ሆነ። ኳስ ማንሳቱን ያነሳታል፣ እግሩም ዓይኑም ያው ነው። ከዚያ ክንዱ ወደኋላ ሲሄድ የሆነ ነገር ይይዘዋል። አንዳንዴ ኳሷ አጥራ አፈር ላይ ትወድቃለች፣ አንዳንዴ ከተቀባዩ ራስ በላይ ታልፋለች። በሬዲዮ እንኳ ይታወቅ ነበር። ኳሷ ወደሱ ስትሄድ የሰውዬው ድምፅ አንድ ሰከንድ ያህል ቀጥ ይላል። አርባ ሺህ ሰው ፊት፣ በጣም የምታውቀው ነገር ከእጅህ ሲሄድ አስቡት።

ይሄን ስሰማ ዝም ብዬ መንዳት አልቻልኩም፤ መኪናዬን ዳር አቆምኩ። እኔ አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። እዚህ መጥቼ በመጀመሪያው ዓመት በማታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ፣ አንዱ ልጅ "ይሄ ሰውዬ መደመር አይችልም እንዴ?" ብሎ ስቆብኛል። እንግሊዝኛው ነበር ያንቀጠቀጠኝ እንጂ መደመሩ አይደለም። እዚህ ክፍል ውስጥ ሦስተኛ ቤዙን አገር ቤት ትቶ የመጣ እኔ ብቻ አይደለሁም። ነርሷም መሐንዲሱም አላችሁ። ስም አልጠራም፣ ዶሮ እየተቆረሰ ነው።

ዚመርማን በ2014 ሜዳው ዳር፣ ግራ ክንፍ ላይ ተሞከረ። በ2015 አንደኛ ቤዝ ሰጡት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ታሪኩ ውስጥ እኔ የምወደው ይሄን ነው። ከዚያ በፊት አንደኛ ቤዝ ላይ የነበረው አዳም ላሮሽ ይባላል። ከ2011 ጀምሮ ዚመርማን ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሆኖ የወረወራቸውን ኳሶች፣ ጥሩዎቹንም ጠማማዎቹንም፣ ሲቀበል የኖረው እሱ ነው። ከአፈር ላይ የለቀማቸው ብዙ ናቸው። ላሮሽ የያዛት ጠማማ ኳስ በዚመርማን ላይ ስህተት ተብላ አትመዘገብም። እንዲያውም ጥሩ ውርወራ ትመስላለች። ላሮሽ ሲለቅ ዚመርማን በሱ ቦታ ቆመ፤ የሌሎቹን ጠማማ ኳስ የሚለቅመው በተራው እሱ ሆነ። አንድ ጊዜ ራሱ ስለወረወረው ኳሷ ስትበላሽ ከየት እንደተበላሸች ሳያውቅ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ይሄ የኔ ግምት ነው።

ልጄን ሜዳ ወስጄ አሳየሁት ልበል? አላሳየሁትም፣ እሱ ነው ያሳየኝ። ቀኝ እግርህን የቤዙ ጠርዝ ላይ ታደርጋለህ፤ መሐሉ ላይ ከቆምክ ሯጩ ይረግጥሃል። ኳሷ የምትመጣበትን ሳታይ አትዘረጋም። ቀድመህ ከተዘረጋህ፣ ኳሷ ወደ ጎን ስትሄድ መመለስ የለም። አፈር ላይ የምትነጥር ከሆነ ጓንቱን ከታች ወደ ላይ ነው የምታመጣው፣ ልክ ወጥ እንደሚጨልፍ ሰው። ዓይን አይጨፈንም። በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ ይጨፍን ነበር፤ አገጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ከዚያ ናት። እናቱ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

ዚመርማን አንደኛ ቤዝ ሲገባ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብላችሁ እንዳታስቡ። በ2015 የእግሩ መርገጫ አመመው። በ2016 ዱላውም ከዳው። ሬዲዮ ላይ የሚደውሉ ሰዎች አበቃለት ይሉ ነበር። ከተሳፋሪ ጋር የተከራከርኩበት ጊዜ አለ፤ ጉርሻውን ትቼ ማለት ነው።

በ2017 ሠላሳ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ሲል 36 ሆም ራን መታ። በዘመኑ ከመታው ሁሉ የሚበልጠው የዚያ ዓመት ነው። ለኮከቦች ጨዋታም ተመረጠ፤ ከ2009 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቡድኑም እየጠነከረ መጥቶ ነበር፣ ግን ጥሎ ማለፉ ላይ ይደናቀፋል። በ2012፣ በ2014፣ በ2016፣ በ2017፣ አራቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር አላለፉም። በ2012ቱ 6 ለ 0 እየመሩ 9 ለ 7 ተሸንፈዋል። ያን ሌሊት ከስታዲየም ያወጣኋቸው ሰዎች ለቅሶ ቤት የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት።

በ2019 ሲጀምሩ 19 አሸንፈው 31 ተሸነፉ። ዚመርማንም ያው እግሩ እያመመው በዋናው ወቅት 52 ጨዋታ ብቻ ነው የተሰለፈው። ከዚያ ምን እንደነካቸው እንጃ፤ እያሸነፉ እስከ ዋንጫው ፍጻሜ ደረሱ። ተጋጣሚው ሂውስተን ነው። ኦክቶበር 22፣ የመጀመሪያው ጨዋታ፣ ገና ሁለተኛው ዙር። 2 ለ 0 እየተመሩ ነው። ለመቺው ኳስ የሚወረውረው የሂውስተኑ ጌሪት ኮል ነው፣ በዚያን ጊዜ ፊቱ የሚቆም የለም። ዚመርማን ኳሷን በመሐል ሜዳ በኩል አጥር አሻገራት። ናሽናልስ በዋንጫ ፍጻሜ የመታው የመጀመሪያው ሆም ራን ነው። ቡድኑ መጀመሪያ የመረጠው ልጅ፣ በ35 ዓመቱ። ጨዋታውን 5 ለ 4 አሸነፉ።

ሰባተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 30 ሂውስተን ነበር፤ 6 ለ 2 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ዋሽንግተን ከ1924 ወዲህ ዋንጫ አይታ አታውቅም ነበር። የመጨረሻዋ ኳስ ወደ አንደኛ ቤዝ አልመጣችም። የናሽናልሱ ወርዋሪ መቺውን ባዶ አየር አስመትቶ ጨረሰው። ዚመርማን ያን ያህል ዓመት ጠብቆ እሷን እንኳ አልነካትም።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ልጅ ሳለ፣ በ1995፣ እናቱ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ እንዳለባቸው ተነገራቸው። በዚህ በሽታ ላይ የሚሠራ ድርጅት ያቋቋመው ገና በ2006 ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ አልጫወትም አለ። እናቱ ታማሚ፣ ቤቱ ውስጥ ጨቅላ ልጅ። ደሞዙን ትቶ ቤቱ ተቀመጠ። በአንድ ወቅት ለስድስት ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር የፈረመ ሰው፣ በ2021 ለአንድ ዓመት በ1 ሚሊዮን ተመልሶ መጣ። አንድ ሚሊዮን ትንሽ ነው አላልኩም! ለነሱ ነው።

ያ ዓመት የመጨረሻው ሆነ። ሲደመር 1,799 ጨዋታ፣ 284 ሆም ራን፣ ሁሉም ለአንድ ቡድን። ጁን 18፣ 2022 ማልያው ላይ የነበረችው 11 ቁጥር ከአገልግሎት ወጣች፤ ከናሽናልስ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ነው። ጁን 18 ያንኪስን የመታበት ቀን መሆኑን ልብ በሉ፣ ልክ በ16 ዓመቱ። እኔ ያን ቀን ታክሲውን አቁሜ፣ ልጄን ይዤ፣ በአረንጓዴው ባቡር ሄጄ ላይኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ያኔ ትንሽ ነው፤ የሚያስታውሰው አይስክሬሙን ብቻ ነው።

እንግዲህ አሰልጣኞቹ ወንበራቸው ላይ እየተቁነጠነጡ ነው፤ ገብቶኛል። ወላጆች አዋጥታችሁ የገዛችሁት ዕቃ እዚህ ጠረጴዛ ስር አለ። የአንደኛ ቤዝ ጓንት ነው። ከሌላው ይለያል፤ ይረዝማል፣ ጣት የለውም፣ አካፋ ይመስላል። አሰልጣኞቹ እንደቆጠሩት በዚህ ወቅት ከአፈር ላይ 23 ኳስ ለተለቀመበት ቦታ ነው። ሃያ ሦስቱንም የወረወራችሁ ልጆች እዚህ አላችሁ። ማን ማን እንደሆናችሁ አልናገርም።

ልጄ፣ ና ውጣ። አትፈር። እጅህን አስገባ። ደረቅ ነው አይደል? አዲስ ቆዳ ነው፣ ገና አልለመደም። ቤት ስንገባ ዘይት እንቀባዋለን። ማታ ኳስ ጨምርበትና በገመድ አስረህ ከፍራሽህ ስር አድርገው።