እዚያ ያለችው ማናት?

እሺ፣ እየቀረጸ ነው መሰለኝ። ጀነሬተሩ ከተሰማችሁ ያው የምታውቁት የጎረቤት ነው፣ ሰላም ብሏችኋል።

ይቺ የእትዬ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለችኝ። ገንዘብ ያዣችን፣ ታውቋቸዋላችሁ። «ብድር የማጸድቅበት ቁልፍ ከስክሪኔ ላይ ጠፋብኝ» አሉኝ። እኔ ጋ ይታያል። ስለዚህ በአድሚን፣ ማለት በሲስተሙ አስተዳዳሪ መለያ፣ ገብቼ ስማቸውን መረጥኩና «እንደ ተጠቃሚው ግባ» የሚለውን ተጫንኩ። ፓስወርድ የለ፣ ምን የለ። ጥግ ላይ የሳቸው ስም መጣ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ። «አብሽር ልጄ፣ አልተቆጣሁም። ግን እኔ እዚህ ተቀምጬ፣ እዚያ ያለችው ማናት?»

ሳቅን። ቀጥለው «አሁን ብታጸድቀው የማን ስም ይጻፋል?» አሉኝ። «የሁለታችንም» አልኳቸው።

እውነቴን ነው፣ እኛ ጋ እንደዚያ ነው። ግን ዝም ብሎ አይመጣም። ስፕሪንግ ሴኪዩሪቲ የሚባል ዝግጁ የመግቢያና የፈቃድ ኮድ አለ፤ በሰው ስም የሚያስገባህ የሱ ስዊች ዩዘር ፊልተር የድሮ ማንነትህን አይጥለውም፣ «ሮል ፕሪቪየስ አድሚኒስትሬተር» በሚባል ሥልጣን ውስጥ ሸጉጦ ያቆየዋል፣ የምትመለሰውም በሱ ነው። ኮድህ «ተጠቃሚው ማነው?» ካለ ግን የሚመጣለት የሳቸው ስም ነው። ሎጉ፣ ማን ምን እንደሠራ የሚመዘግበው፣ እሱን ብቻ ከጻፈ አለቀ፣ ብድሩን ያጸደቁት እትዬ ናቸው። ሲምፎኒ የሚባለው ሌላው የዌብ ኮድ መሥሪያ ደግሞ ዩአርኤል፣ ማለት የገጹ አድራሻ፣ ላይ ስም ጨምረህ፣ «ሮል አላውድ ቱ ስዊች» የሚባል ሥልጣን ካለህ ገባህ። ዩአርኤል ላይ! እሱን ሌላ ቀን እናማዋለን።

የ2020ው አርኤፍሲ 8693፣ ቶክን ስለመለዋወጥ የወጣ የኢንተርኔት ስታንዳርድ፣ ሰውን መወከልንና ሰውየውን መሆንን ይለያቸዋል። በአንዱ አንተው አንተ ሆነህ ስለ ሌላ ሰው ትሠራለህ፤ ቶክኑ፣ ማን መሆንህን የሚያሳየው ዲጂታል ወረቀት፣ ላይ «አክት» የሚባል ቦታ አለ፣ የሠራው ሰው እዚያ ይገባል። በሌላው ጭራሽ እሳቸውን ነህ። ወኪል የሚፈርመው በራሱ ፊርማ ነው አይደል? የወካዩን ፊርማ አስመስሎ ቢፈርም ፖሊስ ጣቢያ ነው። እኛ ግን ይሄንኑ ሠርተን ፊቸር... እሺ፣ አጋነንኩ።

አንዳንዶች በሰው ስም ለገባ ማየት ብቻ ይፈቀድ ይላሉ። የጠፋው የማጽደቂያው ቁልፍ እኮ ነው! ሳልጫነው ምኑን አውቃለሁ? ቀይ ባነር፣ የሰዓት ገደብ፣ ምክንያት ማስጻፍ፣ አድሚን በሌላ አድሚን ስም እንዳይገባ መከልከል፣ ሁሉም ጥሩ። ማየቱ ራሱስ? ደሴ ነው ያለነው። ማን ስንት እንደተበደረ አንዴ ከታየ፣ ሰኞ ገበያ ለመድረስ ታክሲ አይፈልግም።

እና ማስፈቀድ ነው? ስልካቸው ላይ ኮድ ተልኮ ያንብቡልኝ? አሰብኩበት። ግን «የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ለሚል ሌባ ሰው ማለማመድ ነው፣ ስንቱ በዚያ ተበልቷል። ራሳቸው ከስክሪናቸው «ፍቀድ» ቢጫኑስ? ይሄ ይሻላል። ይሻላል መሰለኝ። ግን አውቃቸዋለሁ፣ ሳያነቡ «አንተ ካልክ» ብለው ነው የሚጫኑት። እሱን ዳታቤዝ ውስጥ ፈቃድ ብዬ ላስቀምጠው? እንጃ... ቁልፉ ግን የጠፋው ሮል፣ ማለት የማጽደቅ ሥልጣን፣ ጎድሏቸው ነበር፣ እሱ ተስተካክሏል።